የቆየውን የድምፅ ማጉያ መኪና ስለ መጠገንና ስለ መፈተን የተደረገ ንግግር



ስለ ደብራችን አተካከልና ስለ ደከሙላት አባቶች ከእኔ የሚበልጡ መምህራን ተናግረዋል። እኔ ያንኑ ከምደግም ወደ ዕቃ ቤት መግባትን መርጫለሁ። በዕቃ ቤታችን፥ ከተሰነጠቀው ከበሮ አጠገብ፥ ሁለት ትንንሽ የብረት መኪናዎች በጨርቅ ተሸፍነው መኖራቸውን ብዙዎቻችሁ ታውቃላችሁ። አሁን በሕይወት የሌሉ አንድ ምእመን ለደብሩ የተናዘዟቸው የድምፅ ማጉያዎች ናቸው፤ ከእነርሱም ጋራ ነፍሳቸውን ይማርና የቀድሞው መሪጌታችን ያዜሙት ዜማ የተቀዳባቸው የቴፕ ክሮች በካርቶን ተቀምጠዋል። የቴፑን ማጫወቻ ሌላ ባለሙያ አድሶታል፤ ማጉያው ግን እስካለፈው ዓመት ድረስ እጅ አልነካውም ነበር።

ስለዚህ ማጉያ በሰበካ ጉባኤው ሦስት ዓይነት አሳብ ተነሥቷል። አንደኛው ወገን ዘመኑ ያለፈበት ብረት ነውና ለቆራሌው ይሸጥ አለ። ሁለተኛው፥ ይልቁንም ጐልማሶቹ፥ ሶኬት ላይ ሰክተን ይሠራ እንደ ሆነ እንይ አሉ። ሦስተኛው ደግሞ ውስጡ ያለው ሁሉ ተነቅሎ በአዲስ ይተካ አለ። እኔ ከሦስቱም ጋራ አልተስማማሁም። ሦስቱም ሳይለኩ የሚፈርዱ ናቸውና። ጉባኤው መርምር ብሎ ስለ ፈቀደልኝ፥ ያየሁትንና የለካሁትን ዛሬ በፊታችሁ አቀርባለሁ።

የቅኔ መምህር ከኤሌክትሪክ ጋራ ምን አገናኘው የሚል ይኖራል። በወጣትነቴ ከአንድ ራዲዮ ጠጋኝ ጋራ ጎረቤት ሆኜ ስለ ኖርሁ፥ ማታ ማታ ከጉባኤ በኋላ እርሱ ዘንድ እየተቀመጥሁ ሥራውን ተምሬአለሁ። ለነገሩም ቢሆን ቅኔ ቤት ያደገ ሰው ልክ የሌለውን ነገር አያምንም። ተማሪው ቅኔውን ሲነግር መምህሩ አስቀድሞ ቤቱ መሙላቱን ይቈጥራል፤ ምሥጢሩን የሚያደንቀው ከዚያ ወዲያ ነው። ኤሌክትሪክም እንዲሁ አስቀድሞ መቈጠር ይወዳል።

እንግዲህ ዕቃው ምን እንደ ሆነ ልንገራችሁ። ዓመቱን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር እጠራለሁ፤ ነገሩ የእነርሱ ነውና። ስሙ ኳድ 2 ይባላል። የሠራውም ፒተር ዎከር የተባሉ እንግሊዛዊ በ1936 ያቋቋሙት፥ በኋላም ሃንቲንግደን በምትባል ከተማ የተቀመጠው አኮስቲካል የተባለው ፋብሪካ ነው። ለገበያ የቀረበው በ1953 ነው። ኃይሉ 15 ዋት ብቻ ሲሆን፥ አንዱ መኪና የአንድ ድምፅ ማጉያ ስለ ሆነ፥ ግራና ቀኝ ለይቶ ለመስማት ሁለት ያስፈልጋሉ። የእኛም ሁለት መሆናቸው ስለዚሁ ነው።

በውስጡ ዛሬ በእጅ ስልካችሁ ውስጥ እንዳለው ያለ ነገር የለም። የሚሠራው ቫልቭ በሚባሉ የብርጭቆ አምፑሎች ነው። በ1904 ጆን አምብሮስ ፍሌሚንግ የተባሉ የእንግሊዝ ሊቅ አየሩ በወጣለት ብርጭቆ ውስጥ የሚግል ሽቦና የብረት ሳህን አደረጉ፤ ኤሌክትሪኩም ከጋለው ወደ ሳህኑ ብቻ የሚሻገር፥ ተመልሶ የማይመጣ ሆነ። ወደ አንድ ወገን ብቻ ስለሚከፈትም ቫልቭ ተባለ። ቃሉ ከላቲን የመጣ ሲሆን የመዝጊያ ሳንቃ ማለት ነው። በ1906 ደግሞ ሊ ዲ ፎረስት የተባሉ አሜሪካዊ በጋለው ሽቦና በሳህኑ መካከል ወንፊት የመሰለ ሦስተኛ አካል ጨመሩ። በወንፊቱ ላይ የሚደረገው ጥቂት ለውጥ በሳህኑ ላይ ብዙ ለውጥ ያመጣል፤ ድምፅን የማጉላት ጥበብ ከዚህ ተወለደ።

በመካከል አንድ ነገር ላንሣ። ይኸው ቃል በኢጣልያንኛ ቫልቮላ ሆኖ ወደ እኛ ሲደርስ ባልቦላ ተብሏል። የከተማችን ሰው ግን ባልቦላ ሲል የሚያስበው በቈጣሪው አጠገብ ያለውን፥ ኃይል ሲበዛ ራሱ ተቃጥሎ ቤቱን የሚያድነውን ነው። ኢጣልያኖች ሁለቱንም በአንድ ቃል ስለሚጠሩ ነው። ስለዚህ ሰው መጥቶ ባልቦላው ተቃጥሏል ቢላችሁ፥ ገንዘብ ከማውጣታችሁ በፊት የትኛው ባልቦላ እንደ ሆነ ጠይቁት።

በኳድ 2 ውስጥ አምስት ቫልቮች አሉ። ኢ ኤፍ 86 የሚባሉት ሁለቱ ትንንሾች የመጣውን ደካማ ድምፅ ያጐሉታል፤ አጕልተውም አንዱ ወደ ላይ ሲወጣ ሌላው ወደ ታች እንዲወርድ ሁለት አድርገው ይከፍሉታል። ኬ ቲ 66 የሚባሉት ሁለቱ ታላላቆች ያንን ተቀብለው፥ ትልቅ መጋዝ በግራና በቀኝ ይዘው ግንድ እንደሚቈርጡ ሁለት ሰዎች፥ አንዱ ሲስብ ሌላው እየለቀቀ ይሠራሉ። የእነርሱን ሥራ ትራንስፎርመሩ ለድምፅ ማጉያው እንዲስማማ አድርጎ ያወርደዋል። አምስተኛው ጂ ዜድ 32 የከተማውን ወዲያና ወዲህ የሚመላለስ ኤሌክትሪክ ወደ አንድ ወገን ብቻ እንዲሄድ ያደርጋል።

ከዚህ ሁሉ በላይ እኔን የሚያስደንቀኝ ግን ሌላ ነው። ከወጣው ድምፅ ጥቂቱ ተቀንሶ ወደ መግቢያው ይመለሳል፤ ከገባውም ጋራ ተመዛዝኖ የተጣመመው ይቃናል። ይህን አሳብ በ1927 ያገኙት ሃሮልድ ብላክ የተባሉ አሜሪካዊ መሐንዲስ ናቸው። በ1947 ደግሞ ዊሊያምሰን የተባሉ ሰው ዋየርለስ ዎርልድ በሚባል የእንግሊዝ መጽሔት ባወጡት የማጉያ ንድፍ ምክንያት በየቤቱ የሚሠሩ ሰዎች ሁሉ ዐወቁት። ተማሪው ያዜመው ወደ መምህሩ ጆሮ ደርሶ እየታረመ እንደሚሄድ ያለ ነው፤ ልዩነቱ መኪናው ሳይታክት በየቅጽበቱ መታረሙ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እመጣለሁ። ዕቃ ሁሉ በአንድ ልክ አያረጅም። በብራና መጽሐፍ ይህን ታውቃላችሁ፤ ገበታው ተሰብሮ፥ ጥራዙ ተፈትቶ ሳለ ብራናውና ቀለሙ ገና ደኅና ይሆናል። እንዲህ ያለውን መጽሐፍ ጥራዙ ስለ ተፈታ እንደ ገና ልጻፈው የሚል ቁም ጸሐፊ የለም። በማጉያውም ትራንስፎርመሮቹ መዳብና ብረት ስለ ሆኑ፥ ካልተቃጠሉ ወይም እርጥበት ካልገባባቸው በቀር፥ ከሠራቸው ሰው ዕድሜ በላይ ይኖራሉ። የዋጋውም ዋና ክፍል እነርሱ ናቸው። ቫልቮቹ የሚያረጁት በሠሩበት ሰዓት ልክ እንጂ በተቀመጡበት ዘመን አይደለም። ፈጥነው የሚሞቱት ኮንደንሰሮቹ ናቸው፤ እነርሱም በሁለት ዓይነት መንገድ ይሞታሉ።

ኃይሉን የሚያጠራው ትልቁ ኮንደንሰር ውስጡ የአልሙኒየም ገበርና ርጥብ ነገር ነው። ኤሌክትሪክን ይዞ የሚያቆመው በአልሙኒየሙ ላይ ያለው እጅግ ስስ ቅርፊት ሲሆን፥ ሳይሠራ ብዙ ዘመን የተቀመጠ እንደ ሆነ ቅርፊቱ ይሳሳል፤ ርጥቡም ይደርቃል። እንዲህ የሆነውን በድንገት ሶኬት ላይ ቢሰኩት ኤሌክትሪኩን ሳያግድ ያሳልፈዋል፤ ይግላል፥ አንዳንዴም ይፈነዳል፤ ቫልቩንና ትራንስፎርመሩንም ይዞ ይጠፋል። ሰክተን እንየው ያሉት ጐልማሶች ፈቃድ አግኝተው ቢሆን ኖሮ፥ ዛሬ የምናገረው ስለ ቅሬታው ነበር።

የሁለተኛው ዓይነት ኮንደንሰር ሞት ግን ስውር ነው። በትንሹ ቫልቭ ሳህንና በትልቁ ቫልቭ ወንፊት መካከል አንድ አንድ ትንሽ ኮንደንሰር አለ። ሥራው እንደ በረኛ ነው፤ ድምፁን ያሳልፋል፥ የቆመውን ታላቅ ኃይል ግን ያግዳል። በወንፊቱ ላይ ኃይል መኖር የለበትምና። ይህ በረኛ ሲያረጅ ጥቂት ጥቂት ያሳልፋል። ምን ያህል ብትሉኝ፥ ከአንድ አምፔር ሚሊዮን እጅ አምስቱን ብቻ ቢያሳልፍ እንኳ ይበቃል። ከወንፊቱ በታች ያለው ሬዚስተር 680 ሺህ ኦም ስለ ሆነ፥ ብታባዙት በወንፊቱ ላይ 3 ነጥብ 4 ቮልት ይሆናል። ያን ጊዜ ያ ቫልቭ ከባልንጀራው ይልቅ ብዙ ይሠራል፤ ብዙ ሲሠራ ይግላል፤ ሲግልም ሳህኑ እስኪቀላ ይደርሳል። ይህ ሁሉ ሲሆን መኪናው ይዘምራል፤ የሚሰማውም ሰው ደኅና ነው ይላል።

ይህን የመሰለውን ኮንደንሰር ተራ ቴስተር አያገኘውም። ቴስተሩ የሚለካው በውስጡ ባለችው ትንሽ ባትሪ ነውና፥ በ9 ቮልት የታመነ በረኛ መቶና ከዚያ በላይ ሲመጣበት በሩን ይለቃል። ስለዚህ ኮንደንሰር የሚፈተነው በሚሠራበት ኃይል ልክ ነው። በየጠጋኙ ቤት ደኅና ነው ተብሎ የሚመለሰው ዕቃ በሳምንቱ የሚበላሽበት አንዱ ምክንያት ይህ ይመስለኛል።

ከሥራው በፊት ስለ አደጋው ልናገር፤ በዚህ አዳራሽ ብዙ ወጣቶች አሉና። በመኪናው ውስጥ የሚዞረው ኃይል ከ330 ቮልት በላይ ነው። የከተማው መብራት 220 ስለ ሆነ ከዚያ የሚበልጥ ነው ማለት ነው። ከሶኬት ነቅላችሁም አትመኑት፤ ትልቁ ኮንደንሰር የተቀበለውን ይዞ ይቆያል። ይልቁንም ቫልቮቹ ወጥተው እንደ ሆነ ኃይሉ የሚፈስበት መንገድ ስለሌለው፥ ባዶ ሆኖ በሚታይበት ጊዜ ይበልጥ ያስፈራል። ብዙዎች በካቻቢቴ አገናኝተው ያስጮኹታል፤ ይህ ካቻቢቴውንም ኮንደንሰሩንም ይጐዳል። ትክክለኛው በሬዚስተር አድርጎ ቀስ ብሎ ማፍሰስ፥ ከዚያም ዜሮ መሆኑን በቴስተር ማየት ነው። ሲለኩም አንዱን እጅ ኪስ ውስጥ ማድረግ ይገባል፤ ኃይሉ ከእጅ ወደ እጅ ሲያልፍ በልብ ላይ ያልፋልና። ብቻውን የሚሠራ ሰውም አይኑር።

የመጀመሪያውን መኪና ስከፍት ያየሁትን ልንገራችሁ። አቧራው ጣት ያሰጥም ነበር። ስሙን የማላነሣው አንድ ጠጋኝ ቀደም ሲል ገብቶበት፥ ፊውዙ ተቃጥሎ ስላገኘው በፊውዙ ቦታ የመዳብ ሽቦ ጠምጥሞበት ሄዷል። ፊውዙ የተቃጠለው ስለ ምን እንደ ሆነ አልጠየቀም። ከሶኬት የሚመጣውም ገመድ ባለ ሁለት ሽቦ ብቻ ስለ ነበረ፥ ወደ ምድር የሚወርድ ሽቦ አልነበረውም፤ ውስጡ ቢበላሽ ብረቱን የነካ ሰው ይያዛል ማለት ነው። ከሁሉ አስቀድሜ እነዚህን ሁለቱን አቀናሁ። ድምፁ ከዚህ በኋላ ይምጣ፤ ሰው የሚገድል መኪና ዜማው ቢያምር ምን ይጠቅማል?

ቀጥሎ ቫልቮቹን ሁሉ አውጥቼ ትራንስፎርመሮቹን ለካሁ። መጠምጠሚያቸው አልተቈረጠም፥ ከብረቱም ጋራ አልተገናኘም፤ በዚህ ጊዜ ልቤ ዐረፈ። ከዚያም ባለ 100 ዋት የድሮ አምፑል በመካከል አግብቼ ኃይል ሰጠሁት። ይህ ጥበብ ቀላልና እጅግ ጠቃሚ ነው፤ በመኪናው ውስጥ ነገር የተገናኘ እንደ ሆነ አምፑሉ ቦግ ብሎ ይበራል፥ መኪናው ግን ይድናል። አሁን በየሱቁ የሚሸጠው ኤል ኢ ዲ የሚባለው አምፑል ግን ለዚህ አይሆንም፤ ሽቦው የሚግለው ያስፈልጋል። የእኛ አምፑል ሲቀላ ብቻ ታየ፤ ያም ደኅና ምልክት ነው።

ትልቁን ኮንደንሰር በተመለከተ ብዙ ሰው የሚያደርገው አንድ ነገር አለ። ከሶኬቱ የሚመጣውን ኃይል ከጥቂት ጀምሮ ቀስ በቀስ ከፍ ማድረግ ኮንደንሰሩን ያነቃዋል ይላሉ። አዲስ ዓይነት ማቅኛ ላለው መኪና ይህ እውነት ነው። ለእኛ ግን አይሠራም። ጂ ዜድ 32 ራሱ ቫልቭ ስለ ሆነ፥ ሽቦው እስኪግል ድረስ ምንም አያሳልፍም፤ ሲግል ግን ድንገት ያሳልፋል። ቀስ አድርጌ አነቃሁት የሚለው ሰው በእውነቱ በአንድ ጊዜ ነው የቀሰቀሰው። ስለዚህ እኔ ቫልቩን አውጥቼ ከውጭ በሌላ መሣሪያ፥ በሬዚስተር በኩል ጥቂት ጥቂት ኃይል እየሰጠሁ ሁለት ቀን ጠበቅሁት። አልነቃም። የሚያሳልፈው አልቀነሰም፤ ስለዚህ በአዲስ ተካሁት። የአሮጌውን ቆርቆሮ ግን በቦታው ተውሁት፥ መልኩ እንዳይለወጥ።

ከዚህ በኋላ ቫልቮቹን መልሼ ሙሉ ኃይል ሰጥቼ ለካሁ። በኳድ 2 ሁለቱ ታላላቅ ቫልቮች በአንድ 180 ኦም ሬዚስተር ላይ ይቆማሉ፤ በእርሱም ላይ 26 ቮልት ገደማ መገኘት አለበት። እኔ ያገኘሁት 28 ነበር። ሁለት ቮልት ምንድን ነው ትሉ ይሆናል። ወንፊቶቹን ስለካ ግን በአንደኛው ላይ ዜሮ፥ በሁለተኛው ላይ ከ3 ቮልት በላይ ነበረ። አንደኛው በረኛ ከድቷል ማለት ነው። ሁለቱንም በረኞች አወጣሁ፤ ጓደኛሞች ናቸውና አንዱ ካረጀ ሌላው ይከተለዋል። ከቫልቮቹ በታች ያለው ሬዚስተር ደግሞ ጠቍሮ ነበር። 26ን በራሱ አባዝታችሁ ለ180 ብታካፍሉት የሚሸከመው ሙቀት ወደ 4 ዋት እንደሚጠጋ ታገኛላችሁ፤ በብዙ ዓመት ያንን ተሸክሞ መጥቈሩ አያስገርምም። 10 ዋት በሚችል ለወጥሁት። ልኩ ከ180 ብዙ ርቆ የነበረ አንድ ሁለት ሌላ ሬዚስተርም አልነበረም፤ የቀሩት በየልካቸው ስለ ተገኙ በየቦታቸው ቀርተዋል። ይህን የምናገረው ሁሉም ይነቀል ላለው ወገን ነው። ደኅናውን ነቅሎ አዲስ ማግባት በመበየጃው ብረት የድሮውን መቋሚያ መስበርና አዲስ ስሕተት ማስገባት ነው።

እነሆ አሁን ፈተናው። ቫልቭ ያለበትን ማጉያ ድምፅ ማጉያ ሳይገናኝበት ማስጮኽ አይገባም፤ ኃይሉ የሚሄድበት ሲያጣ በትራንስፎርመሩ ውስጥ ተነሥቶ መጠምጠሚያውን ይበሳዋል። የዘመኑን መኪና የለመደ ሰው በዚህ ነገር ይሳሳታል። ስለዚህ በድምፅ ማጉያው ፈንታ ሙቀት የሚችል ባለ 15 ኦም ሬዚስተር አገናኘሁ፤ በመግቢያውም በሰከንድ 1000 ጊዜ የሚርገበገብ ጥሩ ድምፅ ከመሣሪያ ሰጠሁት። ሠሪዎቹ 1 ነጥብ 4 ቮልት ሲገባ 15 ዋት ይወጣል ብለው ነበር። በ15 ኦም ላይ 15 ዋት ለማግኘት ስንት ቮልት ያስፈልጋል? 15 ነው። 15 በ15 ተባዝቶ ለ15 ሲካፈል 15 ይሆናልና። እንዲህ ያለው የቍጥር መገጣጠም ቅኔ ለለመደ ሰው ደስ ያሰኛል፤ ለፈተናም ይመቻል፥ አይረሳምና። ኦሲሎስኮፕ በሚባለው መስተዋት ላይ ማዕበሉ ክብ ሆኖ ወጣ፤ ቴስተሩም 15 እስኪል ድረስ ራሱ አልተቈረጠም። ከዚያ አልፌ ስጨምር ግን እንደሚገባው ላዩና ታቹ እኩል ተቈረጠ። እኩል መቈረጡ ሁለቱ መጋዝ ሳቢዎች አሁን በእኩል እንደሚስቡ ያሳያል። ከመጠገኑ በፊት ብለካው ኖሮ አንዱ ወገን ቀድሞ እንደሚቈረጥ አልጠራጠርም።

መሣሪያው ከጨረሰ በኋላ ጆሮ ይፈርዳል። ግን ምን ይስማ? ሚዛን የሚፈተነው በሚታወቅ ክብደት ነው። ስለዚህ የመሪጌታውን ቴፕ ወዲያው አላስጀመርሁም፤ የእርሳቸውን ድምፅ ከሃያ ዓመት በላይ ሰምተን አናውቅም፥ የሰማነውም በትዝታ ነው። ይልቁንም ዲያቆኑ ባለፈው በዓል የደብራችንን መዘምራን በእጅ ስልኩ የቀዳውን አመጣን። የእነዚህን ሰዎች ድምፅ በየሳምንቱ እንሰማለንና መኪናው ቢዋሽ እንይዘዋለን። ለዚህ ሥራ ከጸናጽል የሚሻል ፈታኝ አላገኘሁም። ከበሮው የኃይሉን ክፍል ይፈትናል፤ ደካማ ኮንደንሰር ያለው መኪና በየምቱ ይደክማል። ጸናጽሉ ግን የጠራውን ከሻካራው ይለያል። በተበላሸ ማጉያ ጸናጽል ሲንሿሿ እንደ ጠጠር ይሆናል፤ በደኅናው ግን እያንዳንዷ ቅጠል ለየብቻዋ ትሰማለች። በእኛ መኪና ተሰማች።

ስለ ቫልቭ ድምፅ ሰዎች ብዙ ይናገራሉ። ይሞቃል፥ ይለሰልሳል፥ ከዘመኑ መኪና ይልቅ ይጣፍጣል ይላሉ። እኔ በዚህ ነገር ጠርጣራ ነኝ። ኳድ 2ን የሠሩ ሰዎች ያሰቡት ጣዕም ሊጨምሩ አልነበረም፤ የገባው እንደ ገባ እንዲወጣ ነው እንጂ። በብዙ አሮጌ ማጉያ ውስጥ ሙቀት የሚባለው ያረጀ ኮንደንሰር ነው፤ ባለቤቱም በሽታውን እንደ መልክ ቈጥሮታል። ለቤት ሙዚቃ ሲሆን ይህ ጕዳት አይደለም፥ ሰው የወደደውን ይስማ። ለእኛ ግን ጕዳት ነው። ቴፑን የሚሰሙት የዜማ ተማሪዎች ናቸውና። ማጉያው ረገጡን ቢያደክምና ጭረቱን ቢያደናግር፥ ተማሪው መሪጌታው እንዲህ ነበር ያሉት ብሎ የመኪናውን በሽታ ይማራል፤ ለደቀ መዝሙሩም ያስተላልፋል። ሳይለካ ይስማ እንዳይባል የተከራከርሁት ስለዚሁ ነው።

ደግሞም 15 ዋት ለቅጥር ግቢ የሚሆን አይደለም። በግቢው ለተሰበሰበ ሕዝብ የዘመኑ መኪና አለ፤ እርሱም፥ ይቅር በሉኝና፥ ከሚገባው በላይ ይጮኻል። ይህኛው ለዜማ ቤት ነው፤ ሃያ ሠላሳ ሰው ተቀምጦ ዝም ብሎ ለሚሰማበት ክፍል ይበቃል።

ቴፑን የሰማነው በሦስተኛው ቀን ነው። ከመሪጌታው ጋራ ጐን ለጐን የቆሙ ሁለት አረጋውያን ካህናት ጠርተን ነበር። አራራዩ ሲጀመር አንደኛው ምንም አልተናገሩም። ሁለተኛው ግን ከሐረጉ ፍጻሜ በፊት ያለውን የትንፋሽ መሳብ ሲሰሙ እጃቸውን አንሥተው፥ «እርሱ ነው፤ እዚያ ላይ ሁልጊዜ ይተነፍስ ነበር» አሉ። ያን ትንፋሽ ከዚያ በፊት በትንሹ የቴፕ ማጫወቻ ብንሰማውም አልተሰማንም ነበር፤ በጫጫታው ተውጦ ነበርና።

የመጀመሪያው መኪና እንግዲህ ይህ ነው። የለካሁት ቍጥር ሁሉ፥ የተለወጠውና የተተወው ክፍል ከነቀኑ በደብተር ተጽፎ በገበዙ እጅ ይገኛል፤ ከስድስት ወር በኋላ እንደ ገና ተለክቶ ከዚያው ጋራ ይተያያል። ከኬ ቲ 66ቱ አንዱ ከባልንጀራው ጥቂት ደከም ያለ ስለ ሆነ እርሱን እከታተለዋለሁ። ሁለተኛው መኪና ገና አልተከፈተም። ማንም ሰው በበዓሉ ሰሞን ሶኬት ላይ እንዳይሰካው ገመዱን ቈርጬ አስቀምጫለሁ። ሥራው ከመጪው ወር ጀምሮ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በዜማ ቤት ይቀጥላል፤ መማር የሚወድ ወጣት ይምጣ፥ ቴስተር ያለውም ይዞ ይምጣ።